የጫካ ጅረት ድምፅ በሚሞሪ ካርድ፦ ለእንቅልፍ ምን ያህል ይሆናል?

ጅማ ውስጥ አንድ ሞባይል ቤት በሚሞሪ ካርድ የሚጭነው የጫካ ጅረት ቅጂ ድምፁ ጥሩ ነው። ውሃው በድንጋይ መሃል ሲወርድ ወፍራሙም ቀጭኑም ድምፅ አንድ ላይ ይሰማል፤ የውሻ ጩኸትንና የባጃጅን ሞተር የሚሸፍነውም ይኸው ቅልቅል ነው።

ችግሩ ፋይሉ 10 ደቂቃ ብቻ መሆኑ ነው። ኤምፒ3 (የተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ዙሩን ጨርሶ ሲደግም መጋጠሚያው ላይ አጭር ዝምታ ይገባል። ሊያሸልብ የነበረ ሰው ለድንገተኛ ዝምታም ይባንናል። ስለዚህ የ8 ሰዓት ያልተቆረጠ ፋይል እንዲጭኑላችሁ ጠይቁ። በሴኮንድ 128 ኪሎቢት ሆኖ ሲጨመቅ 460 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በ64 ቢጨመቅ ግማሹ ቦታ ይበቃል፤ ግን ቀጭኑ ድምፅ ይበላሽና ውሃው ይንሿሿል፤ አይመከርም። ዋቭ የሚባለው ያልተጨመቀ ፋይል ደግሞ 5 ጊጋባይት ይጠጋል፤ ፋት32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት የተደረገ ካርድ ግን ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

ወፍ በቅርብ የሚጮህበትን ቅጂ ለቀን ተዉት፤ ድንገት ከፍ የሚል ድምፅ ያነቃል።

ስፒከሩን ከራስጌ ራቅ አድርጋችሁ ወለል ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ወለል ላይ ከግድግዳ ከተጠጋ ወፍራሙ ድምፅ ይጎላና ጅረቱ ጎርፍ ይመስላል። አጠገባችሁ ያለ ሰው ድምፁን ሳያነሳ ቢያወራ በደንብ ከተሰማ የስፒከሩ ድምፅ ልክ እሱ ነው። ብሉቱዝ ከሆነ ቻርጁን ሙሉት፤ ሌሊት ባትሪው ሊያልቅ ሲል የሚያሰማው ማስጠንቀቂያ የባሰ ነው። ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ከዝናቡ ጋር አትፎካከሩ፣ አጥፉት።