ሳምባችን ከ14 ወር በኋላ፦ የባሕር ዳሩ ቢሯችን ሰርቨር እንዴት ከረመ

ቢሯችን ውስጥ «ሳምባው ታሟል» ሲባል የሚደነግጥ እንግዳ አይጠፋም። የታመመው ግን ሰው አይደለም፤ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰርቨር ነው። ሳምባ የሊነክስ ማሽን ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ፋይል እንዲያካፍል፣ መግቢያቸውንም እንዲቆጣጠር የሚያደርግ ነጻ ሶፍትዌር ነው። አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጅል እ.ኤ.አ. በ1992 ገደማ ጀመረው። ስሙን ያገኘው ኤስ፣ ኤም እና ቢ በቅደም ተከተል ያሉበትን ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልጎ ነው። ኤስኤምቢ ዊንዶውስ ፋይል የሚለዋወጥበት ቋንቋ ነውና። በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ የነገረው ሰው ያለ አይመስለኝም።

እኛ ፋሲሎ አካባቢ ያለን አነስተኛ የሥነ ሕንፃና የቅየሳ ቢሮ ነን። ኮምፒውተሮቻችን 16 ናቸው። ከሳምባ በፊት የአንድ ሕንፃ ፕላን በአራት ፍላሽ ላይ በአራት ዓይነት ይገኝ ነበር። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ»። አንድ ያገለገለ ታወር ገዛን፣ ራሙን ወደ 16 ጊጋ አሳደግን፣ ዴቢያን የሚባለውን የሊነክስ ዓይነት ጫንንበት፣ በላዩ ሳምባ። ለሶፍትዌሩ ሰባራ ሳንቲም አልከፈልንም። ዊንዶውስ ሰርቨር ቢሆን ኖሮ ከራሱ ዋጋ ሌላ ለየተጠቃሚው ወይም ለየመሣሪያው ፈቃድ ይገዛለታል። አለቃችን ይህን ሲሰሙ ውይይቱ እዚያው አለቀ።

ፋይል ማካፈሉን በተመለከተ ቅሬታ የለኝም። በ14 ወር ውስጥ በሳምባ ጥፋት የጠፋ ፋይል የለም። በሰው ጥፋት የጠፋ ግን አለ። ከጋራ ፎልደር ላይ የሚሰረዝ ነገር ወደ ዊንዶውስ ቆሻሻ ቅርጫት አይሄድም፤ ጭልጥ ብሎ ነው የሚጠፋው። አንዷ ባልደረባችን ሥራ በምናስረክብበት ቀን ዋዜማ የአንድ ፕሮጀክት ፎልደር ሙሉውን ሰረዘች። ፊቷ አመድ መሰለ። ደግነቱ ሳምባ ሪሳይክል የሚባል ተጨማሪ አለው፤ የተሰረዘውን ሰርቨሩ ላይ ሌላ ቦታ ያስቀምጣል። አብርቼው ነበር። ቡናዋ ሳይቀዘቅዝ መለስኩላት። ሳምባ የምትጭኑ ሰዎች ይህችን ነገር በመጀመሪያው ቀን አብሯት።

ያስለቀሰኝ ዶሜይኑ ነው። ዶሜይን ማለት ሠራተኛው በአንድ ስምና በአንድ ፓስወርድ የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ይገባል ማለት ነው። ሳምባ ከስሪት 4.0 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ወዲህ፣ ይህን አክቲቭ ዳይሬክተሪ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ዶሜይን ሥራ ራሱ ይሠራል። ጥሩ ይሠራል። ግን በሰዓት አይቀልድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቅየሳ ባለሙያችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይጠሩኛል።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬም ይህ ሳምባህ አላስገባ አለኝ።»

እሄዳለሁ። የጋራ ፎልደሩን በሰርቨሩ ስም ስጠራው እምቢ ይላል። በአይፒ ቁጥሩ፣ ማለትም በኔትዎርክ አድራሻው፣ ስጠራው ወለል ብሎ ይከፈታል። ሁለት ቀን ሙሉ የሳምባን ማስተካከያ ፋይል ስጎረጉር ዋልኩ። ቴስትፓርም የሚባለው መፈተሻ ትእዛዝ ምንም ችግር የለም ይለኛል። ችግርም አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ዓይኔ ስክሪኑ ቀኝ ጥግ ላይ አረፈ። 2:40 ይላል። የኔ ስልክ 8:40።

«ጋሼ፣ ሰዓቱን ማን ቀየረው?»

«እኔ ነኛ! ተሳስቶ ነበር፣ አስተካከልኩት።»

ምን ይባላል? ጠዋት 2:40 ላይ 8:40 የሚል ሰዓት የተሳሳተ ሰዓት ነው። ሐቃቸውን ነው። ኬርቤሮስ የሚባለው የዶሜይን ዘበኛ ግን ይህን አይሰማም። እሱ የሚያድለው ትኬት ሰዓት የተጻፈበት ነው፤ የተሰረቀ ትኬት ቆይቶ እንዳይሠራ። በኮምፒውተሩና በሰርቨሩ መካከል የሚፈቅደው ልዩነት 5 ደቂቃ ነው። ጋሼ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርተዋል። በአይፒ ቁጥር ሲሆን የሚከፈተውም ለዚህ ነው፤ በቁጥር ሲጠራ ዊንዶውስ ኬርቤሮስን ትቶ ኤንቲኤልኤም ወደሚባለው አሮጌ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ በቁጥር ከፍቶ በስም እምቢ ካላችሁ፣ ሌላ ነገር ከመነካካታችሁ በፊት ሰዓቱን እዩ። (ሌላዋ ባልደረባችን ደግሞ ዓመቱን በኛ አቆጣጠር አስተካክላው አገኘኋት። ከዘመኑ 8 ዓመት ወደ ኋላ።)

ጥፋቱ የጋሼ ብቻ አይደለም። የዶሜይን ኮምፒውተር ሰዓቱን ከሰርቨሩ መውሰድ ነበረበት። ሳምባ ግን ራሱ ሰዓት አያድልም። ክሮኒ የሚባለውን የመሰለ ሌላ ፕሮግራም ጎኑ ላይ ጭኖ፣ ፊርማ ያለበት ሰዓት ለዊንዶውሶቹ እንዲሰጥ ማገናኘት ያስፈልጋል። መመሪያው ላይ ተጽፏል። እኔ ነኝ የዘለልኩት። በዚያ ላይ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰርቨሩ ራሱ የድሮ ቀን ይዞ ይነሣ ነበር፤ እናት ሰሌዳው ላይ ያለችው ጠፍጣፋ 2032 ባትሪ ሞታለች። ባትሪዋን ቀየርን፣ መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆይ ዩፒኤስም ገዛን። ከዚያ ወዲህ ሰርቨሩ በሰዓት ጉዳይ አልታመመም።

ጋሼ ግን በ«ፈረንጅ ሰዓት» አልሠራም አሉ። መፍትሔው ካሰብኩት በላይ አሳቀኝ። ኬርቤሮስ የሚያየው ዓለም አቀፉን ሰዓት እንጂ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን አይደለም። እኛ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት እንቀድማለን። ከዓለም አቀፉ 3 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ዞን ቢመረጥ፣ የሚያሳየው ልክ የኛን አቆጣጠር ነው። ያ ዞን ብራዚሊያ ነው። የሳምባ ጭፈራ አገር! የጋሼን ላፕቶፕ ብራዚል ላይ አደረግነው። ሰዓቱ 2:40 ይላል፣ ዘበኛውም ያስገባል። ቀኑ እንኳን የሚቀየረው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው።

ከሰዓቱ ችግር ቀጥሎ ያስቸገረኝ ዲኤንኤስ ነው፤ የኮምፒውተርን ስም ሰምቶ ቁጥሩን የሚነግር አገልግሎት። የዶሜይን ኮምፒውተር ሰርቨሩን የሚያገኘው ዲኤንኤስ ጠይቆ ነው፤ የሚጠይቀውም ሰርቨሩን ራሱን ብቻ መሆን አለበት። እኔ «ሰርቨሩ ቢተኛ ኢንተርኔት እንዳይቋረጥባቸው» ብዬ በሁለተኛነት የጉግልን ዲኤንኤስ፣ 8.8.8.8ን፣ ጻፍኩላቸው። ሰርቨሩ ለአፍታ ሲዘገይ ዊንዶውስ ወደ ሁለተኛው ይዞራል። ጉግል የኛን የቤት ውስጥ ስም ከየት ያውቀዋል? «የለም» ይላል፣ ዶሜይኑም «አልተገኘም» ይባላል። ይባስ ብሎ አንዱ ሰው ሲገባ ሌላው እዚያው ኮምፒውተር ላይ አይገባም። ይህ ድግምት አይደለም። ዊንዶውስ ከዚህ ቀደም የገቡበትን እስከ 10 ሰው ያስታውሳል፤ ሰርቨሩን ባያገኝም እነሱን ያስገባል። አዲስ መጪ ግን ደጅ ይቀራል። ሁለተኛውን መስመር ባዶ አደረግኩት፣ ነገሩ በረደ።

የፊደል ነገርም አለ። ፋይሎቻችንን በአማርኛ ነው የምንሰይመው፣ ሳምባም ያለ ችግር ይቀበላል። አንድ ቀን ግን ጸሐፊያችን የደብዳቤ ፋይል ወደ ሰርቨሩ ኮፒ ሊያደርጉ ሲሉ እምቢ አላቸው። ዴስክቶፕ ላይ ይቀመጣል፣ ሰርቨሩ ላይ አይቀመጥም። ስሙን ባየው የደብዳቤው ርዕሰ ጉዳይ ሙሉውን ተጽፎበታል፣ ከነተቀባዩ። ዊንዶውስ ለስም 255 ፊደል ይፈቅዳል። የሊነክሱ ዲስክ ግን የሚቆጥረው በባይት ነው፤ 255 ባይት። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ለኛ የተተወልን 85 ፊደል ገደማ ነው። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይህ ችግር መኖሩም አይታወቀውም። «እትዬ፣ ስሙን ያሳጥሩት» አልኳቸው። «ታዲያ በምን ልለየው?» አሉኝ። እስካሁን እየተከራከርን ነው።

የራሴን ስሕተት ልናገር። መጀመሪያ ዶሜይኑንም የጋራ ፎልደሩንም አንድ ሳምባ ላይ ከመርኩት። የሳምባ ሰዎች ራሳቸው አይመክሩትም። ለዚያች ሪሳይክል ብዬ አንድ መስመር ስጨምር፣ ሳምባ ለዶሜይን ማሽን በራሱ የሚጭናቸውን ሌሎች ተጨማሪዎች ሳላውቀው ሻርኳቸው፤ በዊንዶውስ በኩል የሰጠኋቸው ፈቃዶች ተዘበራረቁ። አሁን ሁለቱን እዚያው ታወር ላይ በሁለት ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሁለት ኮምፒውተር ሆነው በሚሠሩ) ለያይቻቸዋለሁ። ሰላም ነው።

ያልተፈታው ነገር ፎቶ ኮፒ ማሽናችን ነው። ስካን አድርጎ ወደ ፎልደር የሚልከው በመጀመሪያውና በአሮጌው የኤስኤምቢ ስሪት ብቻ ነው። ሳምባ ከስሪት 4.11 ጀምሮ ያንን ዘግቶታል። በአንድ መስመር መክፈት ይቻላል፤ እጄን ብዙ ጊዜ በልቶኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የሚባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ያመሰው ግን በዚያው በር በኩል፣ የዊንዶውስን ቀዳዳ ይዞ ነው። አልከፈትኩትም። ስካን በፍላሽ ይመጣል፣ ሰዎቹም በየቀኑ ያሙኛል። ላፕቶፕ ልትገዙ ከሆነም ዊንዶውስ ሆም ዶሜይን ውስጥ እንደማይገባ ከወዲሁ እወቁ። ሦስት ላፕቶፖቻችን እስከ ዛሬ ከደጅ ናቸው፤ ፎልደሩን ስምና ፓስወርድ እየጻፉ ነው የሚከፍቱት።

ዛሬ ከዜሮ ብጀምር ይህንኑ ነው የምጭነው። ባትሪዋን፣ ዩፒኤሱንና ክሮኒን ግን በመጀመሪያው ቀን።

ባለፈው ሳምንት ፕሪንተር ሊሠራ የመጣ ልጅ የጋሼ ላፕቶፕ ላይ ብራዚሊያ የሚለውን አየ። ተሳስቷል ብሎ፣ ደግ ያደረገ መስሎት፣ ወደ ናይሮቢ መለሰላቸው። እኩለ ቀን ላይ ጋሼ ቦርሳቸውን አንግተው በሩ ላይ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?»

«12 ሰዓት ሆነ እኮ። ወደ ቤቴ ነዋ!»