ለአይሲኤፍ ግድግዳ ፉቲንግ፦ ጣውላ ይሻላል፣ ላሜራ ወይስ ቆፍሮ መድፋት?

አይሲኤፍ (ያው ውስጡ ባዶ የሆነው የፎም ብሎክ፣ ፌሮ ገብቶበት ኮንክሪት የሚሞላው) ለመስራት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የብሎኩን ዋጋ ነው፣ እኔ ግን ከዛ በፊት ፉቲንጉን (ግድግዳው የሚያርፍበትን የኮንክሪት መሰረት) በምን እንደምታስሩት ወስኑ ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም በብሎኬት ቤት የመሰረቱን ጉብጠት ግንበኛው ሞርታሩን ወፈር ቀጠን እያደረገ ይሸፍንላችኋል፣ ፎም ላይ ግን ሞርታር የሚባል የለም፣ የመጀመሪያው ረድፍ ከተዛነፈ እስከ ላይ ይዞት ይሄዳል። የፉቲንጉ አናት ከ6 ሚሊ በላይ ከፍ ዝቅ ባይል ጥሩ ነው።

ርካሹ ቆፍሮ አፈሩን ራሱን ፎርም (ኮንክሪቱ እስኪጠነክር የሚይዘው ቅርጽ) ማድረግ ነው። ጠንካራ አፈር ላይ ያስኬዳል። እነዋሪና ጅሩ መረሬ ላይ ከሆናችሁ ግን እርሱት፣ በጋ ተሰንጥቆ ክረምት የሚያብጥ አፈር ነው፣ እሱ ተነስቶ በሰሌክት (ተመርጦ በሚመጣ የማያብጥ አፈር) ካልተተካ ስለ ፎርም ማውራቱም ትርፉ ድካም ነው። ደግሞ ርካሽ የሚመስለው ኮንክሪት ይበላል፦ ቆፋሪው 60 ሴንቲ ያላችሁትን 70 ቢያደርገው፣ 40 ሜትር ርዝመትና 30 ሴንቲ ጥልቀት ላይ 1.2 ሜትር ኩብ ትርፍ ደፋችሁ ማለት ነው፣ 4 ኩንታል ሲሚንቶ ገደማ እኮ ነው!

ላሜራ (የብረት ፎርም) ቀጥ ያለ ነው፣ ቶሎ ይታሰራል፣ የተቃጠለ ዘይት ከተቀባ ንጹህ ሆኖ ይነሳል። ግን ኪራዩ በቀን ነው፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ህዳርና ታህሳስ ውርጩን ታውቁታላችሁ፣ ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ሲሚንቶ በብርድ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፣ ዛሬ ይፈታል ያላችሁት ለነገ ያድራል ኪራዩም ይቆጥራል። ሶስት አራት ቤት በተከታታይ ለሚሰራ እንጂ ለአንድ ቤት አይመስለኝም።

ለአንድ ቤት የኔ ምርጫ ጣውላ ነው። ባህር ዛፉ እዚሁ አለ፣ ግን እርጥቡን አትግዙ፣ ፀሐይ ሲመታው ይጠማዘዛል ውሃ ልኩም አብሮ ይሄዳል፤ ደረቁን ገዝታችሁ ችካሉን በየ60 ሴንቲው ምቱ። ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ ከተፈታ በኋላ ነው፣ ግድግዳው ሲሞላ ፎሙን ለመደገፍና ሰው ለሚቆምበት መወጣጫ ያው ጣውላ ያስፈልጋችኋል። ላሜራውን ግን መልሳችሁታል።

አፈራችሁ ጠንካራ ሆኖ ብር ካጠራችሁ መሃል መንገድ አለ፦ ቆፍራችሁ ከላይ ብቻ ግራና ቀኝ ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ እንጨት) በውሃ ልክ ታስራላችሁ፣ ከዛ ኮንክሪቱን በሞራሌው ላይ እየሳባችሁ ታስተካክላላችሁ። ጎኑ ቢያስጠላ ማን ያየዋል፣ አናቱ ነው ቁም ነገሩ።

ደብረ ሲናና አንኮበር ዳገት ላይ የምትሰሩ ፉቲንጉ በደረጃ ነው የሚወርደው፣ እዛ ላይ ጣውላ ላሜራን በደንብ ይበልጠዋል ምክንያቱም በፈለጋችሁት ልክ ይቆረጣል። የእያንዳንዱን ደረጃ ከፍታ ከብሎኩ ቁመት ጋር አስማሙት፣ ብዙው ብሎክ 40 ሴንቲ ገደማ ነው ግን የገዛችሁትን ራሱን ለኩ፣ አለዛ በየደረጃው ፎም በመጋዝ ስትቆርጡ ትውላላችሁ። ወደ ላይ የሚቀረውን ፌሮም ኮንክሪቱ ከመደፋቱ በፊት ፌራዮው (ብረት አሳሪው) ብሎኩን አስቀምጦ ይሞክረው፣ ውስጥ ያሉት የፕላስቲክ ማያያዣዎች ላይ ካረፈ ብሎኩ አይገባም።