ታፕ ወይስ ትሬድ ሚል? ለትንሿ የጠረጴዛ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን) የቱ ይገዛ?

ባለፈው ታህሳስ እዚሁ ደብረ ብርሃን አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት የአሉሚኒየም ክዳን አዘዙኝ። ስድስት ባለ ጥርስ ቀዳዳ፣ ሁሉም ኤም6 (6 ሚሊሜትር ብሎን የሚገባባቸው)። አምስቱ ሰላም ወጡ። ስድስተኛው ላይ ታፑ፣ ቀዳዳ ውስጥ የብሎን ጥርስ የሚያወጣው መሣሪያ፣ ቀጭ አለና ውስጥ ቀረ። በፑንታ ልበሳው ብሞክር ፑንታው ራሱ ተበላ። ሰውየው መጥተው አየት አደረጉና «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ነገ ይመለሱ» ከማለት ሌላ ምን አፍ አለኝ? ክዳኑን እንደ አዲስ ሠራሁት።

ስለዚህ ከስብራት ልጀምር። ታፕ ቀዳዳውን ሞልቶ ነው የሚሠራው። ሲሰበር እንደ ሽብልቅ ይቀረቀራል። ትሬድ ሚል ግን ከቀዳዳው የቀጠነ ነው፤ እየተሽከረከረ ዳር ዳሩን ዞሮ ጥርሱን ይቀርጻል። ቢሰበር ስባሪው ልቅ ሆኖ ይወድቃል፣ ዕቃው ይተርፋል። ዋጋው ግን ከአንድ ታፕ ብዙ እጥፍ ነው። በሌላ በኩል፣ ታፕ ሰብሮ ሌላ ፍለጋ መርካቶ መውረድ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ትራንስፖርቱንም ደምሩት።

ዋናው ጥያቄ ግን ማሽናችሁ ምን ይችላል የሚለው ነው። ኤም6 ታፕ በአንድ ዙር የሚገባው 1 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስፒንድሉ (መሣሪያውን የሚያሽከረክረው ክፍል) በደቂቃ 500 ዙር ከዞረ፣ ዜድ አክሲስ (ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው) በደቂቃ ልክ 500 ሚሊሜትር መውረድ አለበት። ሁለቱ ካልተናበቡ ወይ ጥርሱ ይላጫል ወይ ታፑ ይሰበራል። ለመናበብ ስፒንድሉ ላይ ኤንኮደር፣ ማለትም ዙሩን የሚቆጥር መሣሪያ፣ ያስፈልጋል። 3018 የሚባሉት ትንንሽ ማሽኖች ይኼ የላቸውም። ሞተራቸውም ቀስ ብሎ ሲዞር ጉልበት ያጣል። ሻጩ «ታፕም ይሠራል» ካላችሁ፣ «ጂ84 ወይም ጂ33.1 ይቀበላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ማሽኑን በታፕ እንዲሠራ የሚያዙ ኮዶች ናቸው። ጂአርቢኤል የተባለውን የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የጫነ ማሽን ሁለቱንም አያውቃቸውም። ሌላው ሶፍትዌር ሊኑክስ ሲኤንሲ ግን ከኤንኮደር ጋር ከሆነ ጂ33.1ን ይሠራል።

ትሬድ ሚል የሚፈልገው ዜድን ጨምሮ ሦስቱ አክሲሶች አብረው እንዲሄዱ ብቻ ነው። ጂአርቢኤልም ይህን አያቅተውም። ለተለመደው የቀኝ ጥርስ መሣሪያውን ከታች አስገብታችሁ በጂ3 (ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ በሚያዞረው ትዕዛዝ) እየዞረ እንዲወጣ አድርጉት። ፍጥነቱ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። በኤም6 ቀዳዳ ውስጥ 4.5 ሚሊሜትር መሣሪያ ሲዞር፣ የመሣሪያው መሃል የሚሄደው ጫፉ ከሚሄደው ሩቡን ብቻ ነው። ጫፉ በደቂቃ 400 ሚሊሜትር እንዲቆርጥ ከፈለጋችሁ ለማሽኑ 100 ስጡት። እኔ መጀመሪያ ይህን ሳላውቅ ነው ውዱን መሣሪያ የሰበርኩት።

ጥርሱ ጠበበ? በ0.02 ሚሊሜትር እያሰፋችሁ ዕቃው ሳይፈታ በብሎን ሞክሩት። ታፕ ይህን ዕድል አይሰጥም። አንድ ባለ አንድ ጥርስ ትሬድ ሚል ኤም6ንም፣ ኤም8ንም፣ የግራ ጥርስንም ያወጣል። ታፕ ለየመጠኑ ይገዛል። ግን ማሽናችሁ ወዲያ ወዲህ የሚላወስ ከሆነ ልልነቱ ጥርሱ ላይ ይታያል። ታፕ ግን እንዲህ ያለውን ችግር ችሎ ያልፋል።

የመብራት ነገርስ? ታፕ ውስጥ እያለ መብራት ቢሄድ በእጅ አዙራችሁ ታወጡታላችሁ። ትሬድ ሚል ከሆነ ግን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ እንዳትስቡት፣ ጥርሱን ሁሉ ይልጠዋል። መጀመሪያ ኤክስና ዋይን ወደ ቀዳዳው መሃል መልሱ፣ ከዚያ አንሱት።

ታፕ ለመግዛት ለወሰነ፦ ሦስት ፍሬ ሆኖ የሚሸጠው የእጅ ታፕ ይበቃል። ቀዳዳውን ማሽኑ ይብሳው፤ ለኤም6 5፣ ለኤም5 4.2፣ ለኤም8 6.8 ሚሊሜትር ፑንታ ነው። ዕቃው ሞርሳ ላይ እንዳለ ታፑን ኮሌት (የስፒንድሉ መሣሪያ መያዣ) ላይ አስሩ፣ ኤሌክትሪኩን ንቀሉ፣ ሁለት ሦስት ዙር በእጅ አስገቡ። ቀጥ ብሎ ይገባል። ቀሪውን በእጀታ ጨርሱ። ለአሉሚኒየም ትንሽ ላምባ ጠብ አድርጉ። ፍቅፋቂ ሳያወጣ ብረቱን እየገፋ ጥርስ የሚሠራው ታፕ ከባድ ጉልበት ስለሚፈልግ ለእኛ ማሽን እርሱት።

እኔ ብሆን? ኤም5፣ ኤም6 እና ኤም8 በብዛት የሚሠራ ሰው ትሬድ ሚል ይግዛ። በተለይ ማዶ የማይዘልቅ ቀዳዳ ከበዛበት፣ እስከ ታች ድረስ ጥርስ ያወጣለታል። በወር አስር ቀዳዳ ለሚሠራ ታፕ ይበቃዋል። ለኤም3 እኔም እስከ ዛሬ ታፕ ነኝ። የትሬድ ሚሉ አንገት በጣም ቀጭን ነው፣ ሲያዩት እንኳ ያስፈራል።

የውሃ ቧንቧ ለመሥራት ያሰባችሁ ደግሞ የመሣሪያውን ማዕዘን ሳታዩ እንዳትከፍሉ። የሜትሪክ ብሎን ጥርስ 60 ዲግሪ ነው፣ የተለመደው የእንግሊዝ ቧንቧ ጥርስ 55። ለግማሽ ኢንች ቧንቧ በኢንች 14 ጥርስ፣ በ55 ዲግሪ የተሠራውን ጠይቁ።