ለጥማት ራስ ምታት የፋርማሲው ኦአርኤስ ይሻላል ወይስ የቤቱ የሎሚ ውሃ?

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ፋርማሲዎች ኦአርኤስ፣ ማለትም በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ያለ ማዘዣ ይገኛል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው በተቅማጥ መድኃኒትነቱ ነው፤ ግን በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ ሲዞር ውሎ ውሃ ሳይጠጣ ራሱን ለሚወቅረውም ጥሩ ነው። ለዚህ ጉዳይ ከታሸጉት ሁሉ እሱን እናስቀድማለን።

ምክንያቱ ልኬቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመክረው ቀመር ለ1 ሊትር ውሃ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም ጨው፣ 2.9 ግራም ሲትሬትና 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ግሉኮስና ሶዲየም በትንሹ አንጀት ተያይዘው ሲገቡ ውሃውን ይዘውት ይገባሉ። ጣዕሙ ግን አይወደድም፤ ጨዋማ ነው፣ ሞቅ ሲል ደግሞ ይባስ ያስጠላል። ቀዝቅዞ ሲጠጣ በጣም ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሃይላንዱ ላይ ነው። 1 ሊትር የሚል እሽግ በግማሽ ሊትር ከተበጠበጠ ጨዉና ስኳሩ እጥፍ ይሆናል፤ ጥማቱን ያባብሳል። ግማሹን ዱቄት ለነገ ማስቀረትም ልክ አይደለም፤ ቅመሞቹ እኩል ላይከፈሉ ይችላሉ፣ የተከፈተውም እርጥበት ይስባል። ዱቄቱ ተጓጉሎ ወይም ቀለሙ ወደ ቡኒ ሄዶ ከተገኘ ይመለስ።

የቤቱ መጠጥ በትክክል ከተሠራ ለቀላል ጥማት ከእሽጉ ብዙም አያንስም። 1 ሊትር ውሃ ይፈላ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ሙሉ ይቆይ። ለብ ሲል 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው ይግባ። ማንኪያው ሳይቆለል፣ አፉ በቢላ ጀርባ ተጠርጎ ነው የሚለካው። እዚህ ላይ በዓይን መገመት አይሠራም፤ የተቆለለ ማንኪያ ጨዉን በቀላሉ አንድ ተኩል እጥፍ ያደርገዋል። ተበጥብጦ ሲቀመስ ከእንባ በላይ ጨው ካለው ይደፋና እንደገና ይሠራ። በስኳር ለማጣፈጥ መሞከር ሌላ ጥፋት ነው፤ ስኳር ሲበዛ ውሃን ወደ አንጀት ይስብና ሆድ ያላላል።

ሎሚው የሚጨመቀው ውሃው ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ነው። ከጉሊት የሚገዛው ትንሹ ሎሚ አንድ ይበቃል፤ ሁለት ሦስት ቅጠል ናና ቢገባበት ሽታው ብቻ ሰውን ያነቃል። ስኳሩን በማር መተካት ለፈለገ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ማር ይበቃል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። የቤቱ መጠጥ የሚጎድለው ፖታሲየም ነው፤ አብሮ አንድ ሙዝ መብላት ይረዳል።

አጠጣጡም ወሳኝ ነው። ሁለት ብርጭቆ ያህል በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀስ እያሉ መጠጣት፣ ጥላ ስር አረፍ ማለት። በአንድ ትንፋሽ የተጨለጠ ሆድን ይነፋል፣ አንዳንዱንም ያስመልሰዋል። ራስ ምታቱ ከጥማት ከሆነ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ውስጥ ይለቃል።

የጁስ ቤቱ ስፕሪስ ለዚህ አይሆንም። ወፍራም ነው፣ ምግብ ነው፤ ጨው የለውም። አምቦ ውሃ በሎሚ ደስ ይላል፤ ጋዙ ግን ቶሎ ስለሚያጠግብ በብዛት አያስጠጣም።

ቡና የለመደ ሰው ቡናውን ከዘለለ ግን ይህ ሁሉ አይሠራለትም። የቡና ሱስ ራስ ምታት አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው ሲኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፤ እስከ 9 ሰዓት የጾመ ሰው ጥማቱና የቡና ሱሱ አንድ ላይ ስለሚይዙት የትኛው እንደሆነ መለየት ይቸግረዋል።

የደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሐኪሙን ሳይጠይቅ እሽጉንም ሆነ የቤቱን መጠጥ አይጠጣ። ድንገት እንደ መብረቅ የመጣ ራስ ምታት፣ አንገት የሚያደርቅ ትኩሳት፣ በነፍሰ ጡር ላይ ዓይን ማደብዘዝ ካለ ምንም ሳይበጠብጡ ወደ ሆስፒታል ነው።

እሽጉም ሆነ የቤቱ ከተበጠበጠ 24 ሰዓት ካለፈው ፍሪጅ ውስጥ ቢቆይም ይደፋ።