ዳማን ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ስናጓጉዝ የተጠቀምንባቸው አገልግሎቶች

እናቴ ለቋሚ ኑሮ ወደ ቨርጂኒያ ስትመጣ፣ አባቴ ካረፈ ወዲህ ከአጠገቧ ያልተለየችውን ውሻዋን ዳማን ትታ እንደማትነሣ ቁርጡን የነገረችን ቪዛዋ ገና ሳይወጣ ነበር። እኔም ክረምቱን አዲስ አበባ ከእርሷ ጋር ያሳለፍኩት በዋናነት ለዚሁ ጉዳይ ሲሆን፣ ከሰኔ መጨረሻ አንሥቶ የመስቀል በዓል እስኪያልፍ ድረስ ከጉዳይ አስፈጻሚ፣ ከእንስሳት ክሊኒክ፣ ከጉዞ ወኪል፣ ከሳጥን ሠሪ፣ ከመንግሥት ጽሕፈት ቤት እና ከአየር ጭነት ሠራተኞች ጋር ተገናኝቻለሁ። ወላጆቻቸውን ከነቤት እንስሳቸው ለማምጣት ያሰቡ ብዙዎች እንዳሉ ስለማውቅ፣ የትኛው አገልግሎት እንደጠቀመንና የትኛው ሊያስቀረን ደርሶ እንደነበር በዝርዝር እጽፋለሁ።

አስቀድሞ ደንቡን ማወቅ ያስፈልጋል። አሜሪካ ከውሻ ወደ ውሻ ከሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ዓይነት ነፃ መሆኗን ያስታወቀችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በሽታው ተመልሶ እንዳይገባባት፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው አገሮች የሚመጡ ውሾችን በ2021 ለጊዜው አግዳ የነበረ ሲሆን፣ ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከሏ በሆነው በሲዲሲ በኩል አዲስ ደንብ ሥራ ላይ አውላለች። በዚህ ደንብ መሠረት በኢትዮጵያ የተከተበ ውሻ ዕድሜው ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ፣ የመለያ ቁጥር የያዘ ትንሽ መሣሪያ) የገባለት፣ ከዚያም የተከተበና ክትባቱ መሥራቱ ዕውቅና ባለው ላቦራቶሪ በደም ምርመራ የተረጋገጠለት መሆን አለበት። የደም ምርመራው ውጤት ከሌለ ውሻው በባለቤቱ ወጪ ለ28 ቀናት ተለይቶ ይቆያል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ውሻቸውን ይዘው የሄዱ ወዳጅ ዘመዶች የክትባት ካርድ ብቻ ይበቃል ቢሉ በጊዜው እውነታቸውን ነበር፤ አሁን ግን በእነርሱ ምክር መነሣት አይቻልም።

መጀመሪያ ያነጋገርኩት የቤት እንስሳትን ወደ ውጭ እልካለሁ የሚል አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነበር። «እኅቴ፣ አታስቢ፤ በአንድ ሳምንት ጨርሼ አስረክብሻለሁ» አለኝ። ከመጀመሪያው ክትባት እስከ ደም መውሰጃው ቢያንስ 30 ቀን፣ ደም ከተወሰደበት ቀን እስከ አሜሪካ መግቢያው ደግሞ ቢያንስ 28 ቀን ማለፍ ካለበት፣ ሁለት ወር የሚፈጀው ነገር በሳምንት እንዴት ያልቃል ብዬ ስጠይቀው፣ በካርዱ ላይ የክትባቱን ቀን ወደ ኋላ መልሶ የሚጽፍለት ሰው እንዳለው ነገረኝ። ወረቀቶቼን ሰብስቤ ወጣሁ። እንዲህ ያለው ወረቀት ሲደረስበት ውሻው በባለቤቱ ወጪ ወደመጣበት አገር ይመለሳል። ከሁሉ በላይ ግን ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚገድል በመሆኑ፣ በቀኑ ላይ መዋሸት በሰው ሕይወት ላይ መጫወት ነው። ይህን የሚያቀርብ ሰው ሌላው ሥራው ምንም ያህል ቀልጣፋ ቢሆን ፈጽሞ ልንቀጥረው አይገባም።

ከዚያ የሄድንበት በቦሌ ክፍለ ከተማ የሚገኝ የግል የእንስሳት ክሊኒክ የጉዞው ሁሉ መሠረት ሆነልን። ሐኪሙ ወጣት ቢሆንም የሥራውን ቅደም ተከተል ጠንቅቆ ያውቃል። ዳማን ጠረጴዛ ላይ ካወጣት በኋላ፣ ቀድሞ የገባ ማይክሮቺፕ ካለ ብሎ በማንበቢያ መሣሪያው ከአንገቷ እስከ ወገቧ ፈተሻት፤ እንደሌላት ሲያረጋግጥ በሁለቱ ትከሻዎቿ መካከል ከቆዳዋ ሥር አስገባላት፤ ወዲያውም እንደገና አንብቦ 15ቱን አኃዞች አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ጠራልኝ። እኔ ጻፍኩ፤ መልሼም አነበብኩለት፤ እርሱ በመሣሪያው ላይ ከሚታየው ጋር አመሳከረው። ክትባቱን የሰጣት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እናቴ በየዓመቱ ሳታስተጓጉል ያስከተበችበትን ካርድ አውጥታ ስታሳየው በአክብሮት ተቀብሎ አየውና፣ «እማማ፣ ያለፈው ክትባት ለዳማ ጠቅሟታል፤ ለጉዞው ግን አይቆጠርም» አላት። ምክንያቱንም አስረዳት፤ ክትባቱ ማይክሮቺፑ ከመግባቱ በፊት ከተሰጠ፣ የተከተበችው ያችው ውሻ መሆኗን ማረጋገጥ አይቻልም።

በዚህ ክሊኒክ ሌላው ደስ ያሰኘኝ የክትባቱ አያያዝ ነበር። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ክትባት በቅዝቃዜ ውስጥ መቆየቱን መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው፤ ስጠይቀውም ሳይከፋው ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ቴርሞሜትሩንና የሙቀት መጠኑ በየዕለቱ የሚጻፍበትን ወረቀት አሳየኝ። የአምራቹ ስም፣ የምርት ቁጥሩና ጊዜው የሚያበቃበት ቀን ያለበትን ተለጣፊም ከብልቃጡ ልጦ ካርዱ ላይ ለጠፈው። ጉድለቱ ቀጠሮ አለማክበሩና ተጠባባቂ የሚቀመጥበት ስፍራ አለመኖሩ ነው። በሐምሌ ዝናብ ከነውሻችን በረንዳ ላይ ቆመን ተራ ጠብቀናል፤ ድመትም ውሻም በዚያው ጠባብ በረንዳ ይታጨቃል። አረጋዊ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የደም ናሙናው የተወሰደው በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ወቅት ነበር። ደሙ እንዳለ አይላክም፤ ክሊኒኩ ሴረሙን፣ ማለትም ከረጋ ደም የሚለየውን ፈሳሽ፣ በማሽን ለይቶ፣ የማይክሮቺፑን ቁጥር በቱቦው ላይ ጽፎ በቅዝቃዜ አሽጎታል። የተላከው በዓለም አቀፍ የፈጣን መልእክት ድርጅት በኩል ውጭ አገር ወዳለ ዕውቅና የተሰጠው ላቦራቶሪ ነው። ሠራተኞቹ የናሙናውን ዓይነት የሚገልጽ ደብዳቤ ጠየቁ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ አዘጋጅቶት ስለነበር ያለ ችግር ተቀበሉን። ውጤቱ፣ ማለትም ክትባቱ በደም ውስጥ ያስገኘው የበሽታ መከላከያ መጠን፣ በሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ አሐድ መሆን ሲኖርበት፣ የዳማ ከዚያ በብዙ በልጦ አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ደረሰን። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚሄዱ ሰዎች ምርመራው ተመሳሳይ ቢሆንም ደም ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር መጠበቅ ግዴታ ስለሆነ፣ ዝግጅታቸውን ከእኛም ቀደም ብለው መጀመር አለባቸው። ድመት ወደ አሜሪካ ለሚወስዱ ግን ሲዲሲ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃ አይጠይቅም፤ የየግዛቱን ደንብና የአየር መንገዱን መስፈርት ማሟላት ይበቃቸዋል።

ትኬቱን የፈለግንበት የጉዞ ወኪል ለሰው የሚሠራውን ያህል ለእንስሳ አልሠራልንም። ዋጋው ይቀንሳል በማለት በሌላ የአሜሪካ ከተማ በኩል የሚያልፍ ጉዞ ሊቆርጥልን ተነሥቶ ነበር። ውሻው መጀመሪያ የሚያርፍበት አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ በሲዲሲ የተመዘገበ የእንስሳት መቆያ ያለው መሆን አለበት። ደንቡ ሥራ ላይ ሲውል እነዚህ አትላንታ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ማያሚ፣ የኒው ዮርኩ ጆን ኤፍ ኬኔዲ፣ ፊላደልፊያ እና የዋሽንግተኑ ደለስ ብቻ ነበሩ፤ ኒውዋርክም ቺካጎም በዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት አካባቢ ደለስ መኖሩ ትልቅ ዕድል ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በመቆያው ቦታ ማስያዝ፣ ቀጥሎ የውሻውን ጭነት ማስመዝገብ፣ የሰውን ትኬት በመጨረሻ መቁረጥ ይሻላል።

ስለ ሳጥኑ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ በከተማው ያገኘናቸው የፕላስቲክ ሳጥኖች ሁሉ ለዳማ ጠባብ ስለነበሩ በኮተቤ አካባቢ ያለ የእንጨትና ብረት ሥራ ቤት አሠርተናል። አያታ በሚል አጠራሩ የሚታወቀው የአየር መንገዶች ማኅበር ባወጣው መለኪያ መሠረት፣ የሳጥኑ ርዝመት ከውሻው አፍንጫ እስከ ጅራቱ ሥር ባለው ላይ ከመሬት እስከ ክርኑ ያለው ቁመት ግማሽ ተጨምሮበት ይሰላል፤ ወርዱ የትከሻው ስፋት እጥፍ ነው፤ ከፍታው ደግሞ ውሻው ቆሞ እስከ ራሱ ወይም እስከ ጆሮው ጫፍ፣ ከሁለቱ በሚበልጠው ይለካል። ለምሳሌ 70 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 30 ሳንቲ ሜትር የክርን ቁመት ያለው ውሻ 85 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሳጥን ያስፈልገዋል። ባለሙያው ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ፣ እናቴ ዳማን አቁማ ይዛለት በሜትሩ ለካት፤ ቆማ፣ ተኝታና ስትዞርም አያት። ሰው ሠራሽ ያልሆነ ጥሬ እንጨት ለዓለም አቀፍ ጭነት በሙቀት ታክሞ ማኅተም ሊደረግበት ስለሚገባ፣ ኮምፔርሳቶ ግን ከዚህ ነፃ ስለሆነ፣ ግድግዳውን በኮምፔርሳቶ፣ አጥንቱን በአንጎላሬ ብረት እንዲሠራው ተስማማን። አየር በአራቱም ጎን እንዲገባ የሽቦ ፍርግርግ አድርጎ፣ የሽቦውን ጫፎች ምላሷን እንዳይቧጥጧት አንድ በአንድ አጥፎ በሞረድ አለሰለሳቸው። የውኃ ዕቃው ሳጥኑ ሳይከፈት ከውጭ የሚሞላ እንዲሆን አደረገልን። ከቀጠሮው መዘግየቱ ባይቀርም፣ ሥራውን የሠራው እንስሳው እንደሚሰማው አውቆ ነው፤ ከተጠቀምኩባቸው ሁሉ ያለ ማመንታት ለሌላ ሰው የምጠቁመው እርሱን ነው። ሳጥኑ ከጉዞው ሳምንታት ቀድሞ ቤት በመግባቱ፣ የእናቴን አሮጌ ጋቢ አንጥፈንላት ምግቧን በውስጡ እየበላች ለመደችው።

የክትባቱንና የማይክሮቺፑን ማረጋገጫ ቅጽ ክሊኒኩ ከሞላው በኋላ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ሊያጸድቀው ይገባል። በጽሕፈት ቤቱ ወረፋው ረጅም ነው፤ ለሁለት ቀን መመላለስም ያስፈልጋል ብሎ መነሣት ይሻላል። ይሁን እንጂ የተቀበሉን ሐኪም በማይክሮቺፑ ቁጥር ውስጥ አንዱ 7 በእጅ ጽሑፍ 1 እንደሚመስል ተመልክተው፣ ቅጹ በኮምፒውተር ተጽፎ እንዲመጣ መለሱን። እናቴ ድካሙ ቢያማርራትም እኔ አመሰገንኳቸው፤ ያ አኃዝ ደለስ ላይ ቢያጠራጥር ኖሮ የምንከራከርበት ማስረጃ አይኖረንም ነበር። ከዚህ ሌላ ባለቤቱ ራሱ ከጉዞው በፊት በሲዲሲ ድረ ገጽ የሚሞላው የውሻ ማስገቢያ ቅጽ አለ፤ ደረሰኙን አትሞ መያዝ ያስፈልጋል፤ አየር መንገዱም ይጠይቀዋል።

በቦሌ የጭነት ክፍል ሳጥኑን የፈተሹት ሠራተኞች በሩን ነቅነቅ አድርገው፣ ብሎኖቹን በእጃቸው ዳሰው፣ ሕይወት ያለው እንስሳ መሆኑን የሚገልጸውንና ላይኛውን ጎን የሚያመለክተውን ምልክት በየጎኑ ለጥፈው ተረከቡን። እናቴ የሚያስተኛ መድኃኒት እንዲሰጣት ለምና ነበር፤ ሐኪሙም የጭነት ሠራተኞቹም እንዲህ ያለው መድኃኒት በበረራ ላይ አተነፋፈስንና የደም ግፊትን ስለሚያውክ አደገኛ መሆኑን ነገሯት። ሌላው ሥጋቷ አየር ያጥራታል የሚል ነበር። እንስሳት የሚጫኑበት ክፍል እንደ መንገደኞቹ ክፍል የአየር ግፊቱ የተጠበቀ ሲሆን፣ ግፊቱም ቢበዛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ጋር የሚመጣጠን ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች፣ በሸገር ተወልዳ ላደገች ውሻ ይህ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ስነግራት ትንሽ ተጽናናች። አፍንጫቸው ደፍጠጥ ያሉ ዝርያዎች ግን የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል፤ ለእነርሱ ሳጥኑም ሰፋ ይላል። ጉዞውን ከመስቀል በኋላ ያደረግነውም የዋሽንግተን የበጋ ሙቀት እስኪበርድ ብለን ነው፤ በኃይለኛ ሙቀት ወቅት ብዙ አየር መንገዶች እንስሳ አይቀበሉም።

ደለስ ስንደርስ ዳማን እኛ አልተረከብናትም፤ የመቆያው ሠራተኞች ከጭነት ክፍሉ ወስደው የማይክሮቺፑን ቁጥር ከወረቀቶቹ ጋር አመሳከሩ፤ ሐኪም መረመራት፤ በአሜሪካ ፈቃድ ያለውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ደገሙላት። ሁሉ ተሟልቶ ስለተገኘ 28 ቀን አልቆየችም፤ በማግስቱ ወሰድናት። የዚህ አገልግሎት ዋጋ ከውሻዋ የአየር ጭነት ክፍያ በልጧል፤ ይህን አስቀድሞ በበጀት መያዝ ግድ ነው። አንድ ቅሬታዬ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ደኅንነቷ የነገረን ሰው አለመኖሩ ሲሆን፣ እናቴ በዚያ ምክንያት ሳትተኛ አደረች፤ አጭር የስልክ መልእክት ብቻ ይበቃን ነበር። ሲያስረክቡን ግን ውኃ መጠጣቷን፣ መብላቷንና መራመዷን በሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ከአዲሱ የክትባት የምስክር ወረቀት ጋር ሰጥተውናል። ይህኛው ወረቀት መጣል የለበትም፤ በካውንቲያችን እያንዳንዱ ውሻ ፈቃድ እንዲወጣለት ስለሚጠየቅ፣ የዳማንም ፈቃድ ያወጣነው እርሱን አቅርበን ነው።