ባለ 8 ሚሊ ጥርስ የተራራ ጫማ ሪቪው፦ ኪንደር ላይ ሲፈተን

ተራራ ላይ ለመሮጥ ምን ጫማ ይሻላል ለምትሉ፣ እዚህ ሼፊልድና ማንቸስተር አካባቢ ላላችሁ ማለቴ ነው፣ ይሄ ከኦክቶበር ጀምሮ ጭቃ ሳስረግጠው የከረምኩት ባለ 8 ሚሊ ጥርስ ጫማ ሪቪው ነው። ብራንዱን አልጠራም፣ በየአመቱ ሞዴል እየቀየሩ ስም እየለወጡ ስለሚሸጡት ሱቅ ስትገቡ ያንኑ ስም ላታገኙት ትችላላችሁ። ዝም ብላችሁ ገልብጣችሁ ሶሉን እዩ። ጥርሱ ረጅም ሆኖ እርስ በርሱ ከተራራቀ፣ ጎማው ደግሞ በጥፍር ስትጫኑት ለስለስ ካለ የማወራው ስለሱ ነው። ታኬታ ነው በቃ፣ ኳስ የሌለው ታኬታ።

እንግሊዞቹ ፌል ራኒንግ የሚሉት ከመንገድ ወጥቶ ተራራ ላይ የመሮጥ ስፖርት ሀገር ቤት ከምናውቀው ሩጫ ጋር የሚያመሳስለው እግር ማንሳቱ ብቻ ነው። እንጦጦ ጫካ የሮጠ ሰው ዳገትም ኮሮኮንችም አይፈራም፣ አየሩም እዛ ሳሳ ያለ ነው። እዚህ ግን ኪንደር ስካውት፣ ጫማውን የፈተንኩበት በሼፊልድና ማንቸስተር መሀል ያለው አምባ ማለቴ ነው፣ ጫፉ 636 ሜትር ነው፣ የእንግሊዝ ትልቁ ተራራ ስካፌል ፓይክ ራሱ 978 ሜትር፣ እኛ አዲስ አበባ ተኝተን እንኳን ከ2300 በላይ ነን። ስለዚህ ሳንባህ ይዝናናል፣ የሚያለቅሰው ቁርጭምጭሚትህ ነው። መነሻው ላይ ሀበሻ መሆኔን ያየ ሁሉ "ዛሬ አንደኛነቱ ያንተ ነው" ይለኛል፣ ዳገቱ ላይ እውነት ይመስላል፣ ቁልቁለቱ ሲመጣ ግን 60 ያለፈው ሰውዬ በአጭር ቁምጣ እየዘለለ "ይቅርታ" ብሎኝ ያልፋል። ሁሌም ይቅርታ ይላሉ ደግሞ፣ እሱ ነው የሚያናድደው። እዚህ ሀገር ፌል ላይ ሰው የሚበልጥህ ቁልቁለት ላይ ነው፣ ቁልቁለት ማለት ደግሞ መሬቱን ማመን ነው፣ መሬቱን የምታምነው ሶልህን ስታምን ነው። ጫማው ላይ ይሄን ያህል የማወራው ለዛ ነው።

ውድድሮቹን ለማታውቁ ባጭሩ፣ በፊደል ነው የሚመደቡት፣ ኤ ማለት በኪሎሜትር ቢያንስ 50 ሜትር ሽቅብ ያለው፣ ቢ 25፣ ሲ 20፣ ከዛ ለርዝመቱ ኤል ወይ ኤም ወይ ኤስ ይጨመርበታል፣ ኤል ከ20 ኪሎሜትር በላይ ኤስ ከ10 በታች። ኤ ኤስ የሚል አይታችሁ አጭር ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ እሱ ነው እግር የሚያቃጥለው። ብዙ ጊዜ የተቀባ ምልክት የለም፣ ካርታ ይዘህ ራስህ ነህ መንገድ የምትመርጠው፣ ሙሉ የዝናብ ልብስ ካርታ ኮምፓስ ፊሽካ ኮፍያ ጓንት ትንሽ ምግብ ካልያዝክ ብዙ ውድድር ላይ አያስነሱህም፣ ክፍያው ግን ከከተማ ማራቶን ጋር ሲተያይ የቡና ነው።

ወደ ጫማው ልመለስ። ከሼፊልድ ባቡር ይዛችሁ ኪንደር ግርጌ ያለችው ኤዴል መንደር ትወርዳላችሁ፣ ግማሽ ሰአት ቢሆን ነው፣ ያው መስመር ከማንቸስተርም ስለሚመጣ መኪና አያስፈልግም። ከጣቢያው በአፐር ቡዝ በኩል ወደ ጄኮብስ ላደር ስትሄዱ መጀመሪያ የምታገኙት የእርሻ መንገድና ጠጠር ነው፣ እዚህ ጋ ጫማውን ትጠሉታላችሁ። ሶሉ ስስ ስለሆነ እያንዳንዷ ጠጠር ትሰማለች፣ ጥርሱ ደረቅ ድንጋይ ላይ ይታጠፋል፣ አስፋልት ላይ ደግሞ ለስላሳው ጎማ ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ ከቤት እስከ ጣቢያ አድርጋችሁት ባትሄዱ ጥሩ ነው፣ እኔ በቦርሳ ይዤ ኤዴል ነው የምቀይረው። ጄኮብስ ላደር ራሱ የድንጋይ ደረጃ ነው፣ እሱን ተራመዱት፣ ጎበዞቹም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነው የሚወጡት።

ላይ ስትደርሱ ነገሩ ይቀየራል። ከኪንደር ሎው ጀምሮ እስከ ዳውንፎል ፏፏቴ በአምባው ጠርዝ የሚሄደው መንገድ አሸዋና ሻካራ አለት ነው፣ ይሄ አለት ዝናብ ቢዘንብበትም ይይዛል፣ አረንጓዴ ነገር የበቀለበትን ብቻ አትርገጡ፣ ለስላሳው ጎማ እዚህ ላይ ገንዘቡን ያወጣል፣ ደረቅ ጎማ ያለው ርካሽ ጫማ አድርጎ የመጣ ጓደኛዬ በቂጡ ነው የጨረሰው። ከምዕራብ ኃይለኛ ንፋስ ካለ ፏፏቴው ወደ ላይ ተመልሶ ፊታችሁ ላይ ይረጫል፣ ፎቶ ለሚወዱ አሪፍ ነው፣ በጃኑዋሪ ጓንቱ ለረጠበ ሰው ግን አይመከርም።

ከዛ መንገዱን ለቃችሁ አምባውን ለማቋረጥ ወደ መሀል ስትገቡ ነው ከድጡ ወደ ማጡ የሚጀመረው። መሬቱ ፒት ይሉታል፣ ለሺ አመታት የተከማቸ የእጽዋት ብስባሽ፣ ጥቁር፣ ሲረጥብ እንደ ገንፎ እስከ ጉልበት የሚውጥ። በመሀሉ ውሃ የቆረጣቸው ቦዮች አሉ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጡ፣ አንዱን ወጣህ ስትል ሌላው ይጠብቅሃል፣ ጉም ከወረደ ደግሞ ሁሉም አንድ አይነት ናቸው። ድሮ የማንቸስተርና የሼፊልድ ፋብሪካ ጭስ እዛ ላይ የነበረውን ሞስ የሚሉትን ለስላሳ እጽዋት ገድሎት መሬቱ ተራቁቶ ነበር፣ ከቅርብ አመታት ወዲህ ቦዮቹን እየገደቡ ሞስ እየተከሉ ነው፣ ለተፈጥሮ በጣም ጥሩ፣ ለኛ ደግሞ በየአመቱ ይበልጥ እርጥብ መሬት ማለት ነው። እዚህ ላይ ያለ 8 ሚሊ አትግቡ። 4 ሚሊ ያለው የትሬይል ጫማ፣ ለተራ የጫካ መንገድ የሚሆነው፣ ጥርሱ መሀል ጭቃ ሞልቶት ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ልሙጥ ይሆናል፣ የዚህኛው ጥርስ ስለተራራቀ ግን እግር ስታነሳ ጭቃው ራሱ ይረግፋል። ውሃ ያስገባል ወይ? አዎ ያስገባል፣ ማስገባቱ አይደለም ቁም ነገሩ፣ ቶሎ ማስወጣቱ ነው። ውሃ አያስገባም ተብሎ ጎርቴክስ የተለጠፈበትን ለዚህ ቦታ አትግዙ፣ በቁርጭምጭሚት በኩል የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ እግራችሁ ባልዲ ውስጥ ይውላል።

ሌላው ትልቁ ነገር ማሰሪያው ነው። ተረከዙ ካልጠበቀ ፒቱ ጫማውን ይነጥቃል፣ የምሬን ነው፣ በባዶ ካልሲ ቆሞ ጉድጓድ ውስጥ እጁን ከትቶ ጫማውን የሚፈልግ ሰው አይቻለሁ። የኔ ላይ ማሰሪያው ስስ ስለሆነ ሲረጥብ ይላላል፣ በወፍራም ቀየርኩት፣ ሁለቴ ቋጥሬ ጫፉን ክሮቹ ስር ሰክቼ ነው የምሄደው። ለዚህ አንድ ነጥብ ቀንሻለሁ፣ ከ100 ፓውንድ በላይ ለሚሸጥ ነገር የሚሆን ማሰሪያ አልነበረም።

እንደልብ ከመንገድ ወጥቶ ጭቃ ውስጥ መሮጥ መቻሉ ራሱ እንዲሁ የተገኘ አይደለም በነገራችን ላይ። ያኔ አምባው የባለርስቶች የአደን ቦታ ነበር፣ ድርሽ ማለት አይቻልም፣ በኤፕሪል 24 1932 በመቶ የሚቆጠሩ፣ ብዙዎቹ የማንቸስተር ወጣት ሰራተኞች፣ ከሄይፊልድ ተነስተው በጉልበት ወጡት፣ አምስቱ ታሰሩበት፣ ፒክ ዲስትሪክት በ1951 የሀገሪቱ የመጀመሪያው ብሄራዊ ፓርክ ሆነ፣ አሁን ከመንገድ ውጪ መሄድ የሚፈቅድ ህግ አለ። ይሄን ለአንድ እዚህ ብዙ አመት ለኖሩ ጋሼ ስነግራቸው "ታስረው ያስፈቀዱት ጭቃውን ነው?" አሉኝ። እሳቸው ጭራሽ አልገባቸውም፣ "ልጄ የሚያባርርህ አለ እንዴ" ነው ሁሌ የሚሉኝ።

ቁልቁለቱ ላይ ግን ጫማው ንጉስ ነው። ከግራይንድስሎ ኖል ወደ ኤዴል የሚወርደው ቀጥ ያለ ሳር አለ፣ እርጥብ ሳር ሆኖ በተራ ስኒከር ተንሸራትተህ መንደሩ ውስጥ ነው የምትገኘው፣ በዚህ ግን ተረከዝህን ሳትተክል ወደፊት ዘንበል ብለህ አጫጭር እርምጃ እየጣልክ ትለቀዋለህ፣ ጥርሱ ይነክሳል፣ ያኔ ነው እነዛ ሽማግሌዎች ምን እንደሚያስቃቸው የሚገባህ። በግራይንድስብሩክ ወንዝ በኩል ግን አትውረዱ፣ ላይኛው ክፍል ትልልቅ ድንጋይ ብቻ ነው፣ ጥርሱ ምንም አይሰራም።

ለየትኛው መንገድ አይሆንም? ከማም ቶር በሆሊንስ ክሮስ በባክ ቶር አድርጎ ሎዝ ሂል የሚሄደው ሸንተረር እይታው ደስ ይላል፣ ለጀማሪም ጥሩ ነው፣ ግን ብዙው በድንጋይ ንጣፍ የተሸፈነ ስለሆነ ባለ 4 ወይ 5 ሚሊ ትሬይል ጫማ ይበቃዋል፣ 8 ሚሊ አድርጎ እሱ ላይ መሮጥ እግርን መቅጣት ነው። ኬቭ ዴል ደግሞ፣ ካስልተን ያለው ገደል ማለት ነው፣ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ሰው ሲመላለስበት ልሙጥ ሆኗል፣ ዝናብ ከነካው በየትኛውም ጫማ አትውረዱበት፣ ስንት ብር ከፍላችሁ ብትገዙት ለውጥ የለውም፣ ዙሩት።

ስለ አየሩ አንድ ነገር፣ ኤዴል ጸሀይ ሆኖ ላይ ጉም ሊሆን ይችላል፣ ስልክ በብርድ ባትሪው ይሞታል፣ ኮምፓስ አይሞትም። ብትጎዱ 999 ደውላችሁ መጀመሪያ ፖሊስ፣ ከዛ ማውንቴን ሬስኪዩ በሉ፣ የሚመጡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ኔትወርክ ከሌለ ስድስት ጊዜ ፊሽካ፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ እንደገና ስድስት።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለመንገድ ጫማ ከምትገዙት ግማሽ ቁጥር አሳድጉ የሚሉ አሉ፣ እኔ ለዚህ አልስማማም፣ ሰፊ ከሆነ እግር ውስጡ ተንሸራቶ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ያጠቁራል። ከሰአት በኋላ እግራችሁ አበጥ ሲል በስሱ የሱፍ ካልሲ ሞክሩት፣ ሱቁ ውስጥ ደረጃ ካለ ወደ ታች ውረዱ፣ ጣታችሁ ጫፉን ካልነካ ይሆናል። እግራችሁ ሰፊ ከሆነ መጀመሪያ የብራንዱን ሰፊ ቅርጽ ጠይቁ፣ የብዙዎቹ ጫማ ለቀጭን እግር ነው የተሰራው፣ የኔ ትንሿ ጣት አካባቢ ጨርቁ መተርተር ጀምሯል። ከሩጫ በኋላ ፒቱ ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፣ ውስጡን ጋዜጣ ሙሉበት፣ ራዲያተር ላይ ከሰቀላችሁት ሙጫው ይለቃል፣ ባለቤታችሁም ትለቃችኋለች ምክንያቱም ይሸታል። ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፣ ሙሉ ዋጋ ግን አልከፍልበትም፣ ሜይ አካባቢ መሬቱ ሲደርቅ ሱቆቹ ዋጋ ስለሚጥሉ ያኔ ግዙና ለኦክቶበር አስቀምጡት።