ባለ 50 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለር በጎንደር ውሃ፦ ከ11 ወር አገልግሎት በኋላ

ዕቃው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ 50 ሊትር የሚይዝ፣ 1500 ዋት የሚስብ ቦይለር ነው። ታንከሩ ብረት ሆኖ ውስጡ በኢናሜል ተለብጧል። ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ ሠርቷል። ታንከሩና ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ጥሩ ናቸው። አብሮት የመጣው፣ በክዳኑ ዙሪያ ውሃ እንዳይወጣ የሚይዘው የጎማ ጋስኬት ግን ደካማ ነው፤ በሰባተኛው ወር ደርቆ ማንጠባጠብ ጀመረ። የቦይለሩን ዕድሜ የምትወስነው ግን ከሥሩ የተገጠመችው፣ አውራ ጣት የምታክለው የናስ ቫልቭ ናት።

ይህች ሴፍቲ ቫልቭ ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል የምትታሰር ሲሆን ሁለት ሥራ አላት። ግፊቱ ከ8 ባር ሲያልፍ ታስተነፍሳለች፤ ታንከር ውስጥ የገባው ውሃም ወደ መስመሩ እንዳይመለስ ትይዛለች። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ተነስቶ 65 ዲግሪ ሲደርስ መጠኑ በ0.9 ሊትር ገደማ ይጨምራል። ወደ ኋላ መመለሻ ስለሌለው ትርፉ በቫልቯ ጠብ ጠብ ይላል። ብዙ ቤት ይህን እንደ ብልሽት ቆጥሮ ቫልቯን አስፈትቶ ይጥልና ቦይለሩን በተጣጣፊ ቱቦ (ፍሌክሲብል) ብቻ ከመስመሩ ያገናኛል። ጎንደር ላይ ከዚህ የከፋ ስህተት የለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መስመሩ ይደርቃል፤ አንድ ሰው የሙቁን ቧንቧ ከፍቶ ሲሞክር ከላይ አየር ይገባል፣ የታንከሩ ውሃ በመግቢያው በኩል ተመልሶ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ማብሪያው ሲጫን ሬዚስታንሱ ውሃ በሌለበት ይግላል፤ ለመቃጠል ደቂቃዎች ይበቁታል። ሬዚስታንስ ቀይሮ ቫልቭ የማይመልስ ጥገና ያንኑ ወጪ ደግሞ ያመጣል።

ጤነኛዋን ከተበላሸችው መለየት ቀላል ነው። ውሃው በሚሞቅበት ጊዜ ብቻ ካንጠባጠበች ሥራዋን እየሠራች ነው፤ ቀጭን ቱቦ አስራችሁ ወደ ፍሳሹ ምሩላት፣ አፏን በምንም አትድፈኑ። ቦይለሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞም የምታፈስ ከሆነ ግን ወይ መቀመጫዋ ላይ ደለል ገብቷል ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል። ማንሻዋን ሦስት አራት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጉ፤ ደለል ከሆነ ታጥቦ ይወጣል። ካልተወ ቀይሯት፤ ርካሽ ናት።

ደለል ስንል በጎንደር ጉዳዩ ትልቅ ነው። ለከተማው ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ የደለል ችግር የታወቀ ነው። ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ ደግሞ መጀመሪያ የሚወርደው የቧንቧውን ዝቃጭ ይዞ ነው፤ በክረምት ይብሳል። ስለዚህ ውሃ ሲመጣ የቦይለሩን መግቢያ ዘግታችሁ ሌላ ቀዝቃዛ ቧንቧ ክፈቱና እስኪጠራ ጠብቁ። በ11ኛው ወር ታንከሩ ሲከፈት ከሥሩ ሁለት የቡና ስኒ የሚሞላ ቀይ ቡናማ ጭቃ ወጥቷል። ታንከሩ እንዳይዝግ በእሱ ፈንታ የሚበላው የማግኒዚየም ዘንግ ሲሶው ተበልቷል። ሬዚስታንሱ ላይ ስስ ነጭ ቅርፊት ብቻ ነበር፤ የሙቀት መቆጣጠሪያው (ቴርሞስታቱ) 60 ዲግሪ ላይ መቆየቱ ረድቶታል፣ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ቅርፊቱም የዘንጉ መበላትም ይፋጠናልና።

አከፋፈቱ እንዲህ ነው። ብሬከሩን አውርዱ፤ ማብሪያው ጠፍቷል ብላችሁ አትመኑ፣ ሽቦዎቹ ላይ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን ቮልትና ኦም በሚለካ ቴስተር አረጋግጡ። ውሃው እስኪበርድ ቆዩ። መግቢያውን ዘግታችሁ የሙቁን ቧንቧ ክፈቱ፤ አየር ካልገባ ውሃው አይወርድም። በቫልቯ ማንሻ በኩል አፍስሱት። የታችኛውን ክዳን ከፍታችሁ ሽቦዎቹን ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። ብሎኖቹን ስትፈቱ የሚቀረው ውሃ ስለሚዘረገፍ ባልዲ ከሥር ይኑር።

ሬዚስታንሱን በቴስተር ለኩት። ለ1500 ዋት በ220 ቮልት ትክክለኛው ንባብ 32 ኦም ገደማ ነው። ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። በጫፉና በብረት አካሉ መካከል ማንኛውም ንባብ ካለ ደግሞ ውሃው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይለቃል፤ ቢያሞቅም ይጣል። ቅርፊቱን በቢላዋ አትፋቁት፣ ሽፋኑ ይሰነጠቃል። በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ በጥብጡና ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፉት፤ የኤሌክትሪክ ጫፎቹ ግን አይንኩት። ካጣችሁ አቼቶ ይሠራል፣ ጊዜ ይፈጃል እንጂ። ዘንጉ ግማሽ ከደረሰ ቀይሩት። ጋስኬቱን በተከፈተ ቁጥር አዲስ አድርጉት፤ ብሎኖቹንም ዙሪያውን በተራ ሳይሆን በተቃራኒ ጥንድ ጥንድ አጥብቁ፣ አለዚያ በአንድ ጎን ያፈሳል።

ስትመልሱት የሙቁ ቧንቧ ክፍት ሆኖ ይሞላ። ውሃው ሳይንተፋተፍ አንድ ወጥ ሆኖ እስኪወርድ ብሬከሩን አትንኩ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት "አላሞቅ አለ" የሚለው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ ብልሽት አይደለም። 18 ዲግሪ ውሃ 60 ለመድረስ በሙሉ 220 ቮልት አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈልጋል። ቮልቴጁ 180 ሲወርድ ጉልበቱ ወደ 1000 ዋት ይወርድና ሁለት ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይፈጃል። ሬዚስታንስ ከመግዛታችሁ በፊት ሶኬቱን ለኩ። አንድ ሙሌት ለሦስት ሰው አጭር ሻወር ይበቃል፤ ለጥምቀት እንግዳ ለሚበዛበት ቤት 80 ሊትሩን እመክራለሁ።

ቴርሞስታቱ አጠገብ ያለችውን፣ ሙቀት ከልክ ሲያልፍ ኤሌክትሪኩን የምትቆርጠውን ቀይ መጫኛ ዘልሎ ሽቦውን በቀጥታ ማገናኘትም አለ፤ ይህ ለሕይወት ያሰጋል። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከጣሪያ ሮቶ በራሱ ክብደት ውሃ የሚወርድለት ቦይለር ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ በባሕር ጠረፍ ዝቅ ብሎ ካለ ከተማ ቀድሞ እንፋሎት ይሠራል። መጫኛዋ ደጋግማ ከዘለለች ብዙውን ጊዜ ቴርሞስታቱ ተጣብቋል ማለት ነው፤ የሚቀየረው እሱ ነው።

የሚስበው 7 አምፒር ገደማ ነው። ከዲቫይደር ሳይሆን 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ የምድር ሽቦው ይታሰር። ሲሞላ ከ60 ኪሎ ስለሚበልጥ ብሎኬት ላይ በፊሸር (በፕላስቲክ የብሎን መያዣ) ብቻ አይሰቀል። ግድግዳውን አሳልፎ ከጀርባ በብረት ሳህን የሚያዝ ቦሎን ይግባለት፤ የጭቃ ግድግዳ ላይ ደግሞ ከወለል የሚነሳ የብረት እግር ይሠራለት።